ለስላሳ የጊታር የፍቅር ዘፈን ለሰርግ መግቢያ ይሆናል ወይ? (ፍኖተ ሰላም)

የፍኖቱ_ታናሽ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሙዚቃ የምትሰሩ ወይ ሰርግ ላይ የምትጫወቱ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጥር ላይ እህቴን እንድራለን፣ ፍኖተ ሰላም እኛው ግቢ ዳስ ተጥሎ ነው የሚሆነው፣ እና ሙሽሮቹ ወደ ዳስ ሲገቡ የሚዘፈነውን ነገር አንተ አመቻች ተብያለሁ። አማቻችን የተለመደውን የሰርግ ዘፈን አይደለም የሚፈልገው፣ አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ያለበት ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን መርጧል፣ ጊታር ትንሽ ትንሽ ስለሚችል ራሱ እየተጫወተ ሊዘፍነው ነው ያሰበው። እህቴም ትወደዋለች እኔም በጣም ነው የምወደው። ማታ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ በኢርፎን ስሰማው ጣቱ ክሩ ላይ ሲንሸራተት ሲጥ የምትል ድምፅ አለች፣ ከዛ መዝፈን ሊጀምር ሲል ትንፋሽ ሲስብ ሳይቀር ይሰማል፣ አጠገቤ ተቀምጦ ለኔ ብቻ የሚዘፍንልኝ ነው የሚመስለኝ። ከበሮ የለ ኪቦርድ የለ፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ አንድ ሼከር ነገር ትገባለች በቃ።

ያሳሰበኝ ምን መሰላችሁ፣ እሁድ ቤት ውስጥ ቡና እየተፈላ አክስቶቼ ሁሉ ባሉበት በስፒከር ከፈትኩት እና ማንም ልብ አላለውም። ግማሽ ላይ ሲደርስ ትልቋ አክስቴ «ይሄ ዘፈን መቼ ነው የሚጀምረው ልጄ?» አለችኝ፣ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ቤት ውስጥ እንዲህ ከሆነ ዳስ ሙሉ ሰው ባለበት ምን ሊሆን ነው ብዬ ነው የተጨነቅኩት። ሌላው ደግሞ መጀመሪያ ሰሞን ቀኑን ሙሉ ደጋግሜ ነበር የምሰማው፣ አሁን አሁን ግን ግጥሙን ስከታተል አንቺ ካለሽ ሌላ አያሻኝም ዓለሜ ነሽ ከሚለው ውጪ የሚይዘኝ ነገር አጣለሁ፣ ዜማው ግን አሁንም ያባባኛል። ኮርዱ (ጊታሩ ላይ አንድ ላይ የሚመቱት ኖታዎች) አራት ብቻ ነው ይላል አማቻችን፣ ሲ ሜጀር፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ እነሱው ከላይ እስከ ታች ይዞራሉ።

እና ዘፈኑ ነው የሚያንሰው ወይስ ቦታው ነው የማይሆነው? ይቅር ብዬ ላስቀይመው አልፈልግም፣ ዝም ብዬ ደግሞ ሰው ፊት ሲዘፍን ጫጫታው እንዲውጠው አልፈልግም።

ጊታር_ጣና፦

እንኳን ደስ አላችሁ ወንድሜ። እኔ ባህር ዳር ሆቴልና ካፌ ውስጥ በጊታር እዘፍናለሁ፣ ሰርግም ሲገኝ እሄዳለሁ፣ እንዲህ አይነት ዘፈን ከሌላው ሁሉ በላይ ነው የምጠየቀው ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ያባባህ ነገር እውነተኛ ነገር ነው፣ ዝም ብሎ ስሜት አይደለም። እነዚህ ዘፈኖች ሲቀዱ ድምፃዊው ማይኩን አፉ ስር አድርጎ ነው የሚዘፍነው፣ ድምፁን ሳያወጣ ለአንድ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ፣ ማይክ ደግሞ በጣም ሲጠጋ የድምፁ ወፍራም ወፍራሙ ክፍል ይጨምራል ስለዚህ ድምፁ ሞቅ ብሎ ጆሮህ ውስጥ ይገባል። ትንፋሹን አያጠፉትም፣ የክሩን ሲጥታም አያጠፉትም፣ ሆን ብለው ነው የሚተዉት ምክንያቱም ሰው ከሰው ጋር በዚህ ርቀት የሚሆነው ሲዋደድ ብቻ ነው። በኢርፎን ማታ ስትሰማው የተሰራበት ቦታ ላይ ነው ያገኘኸው ማለት ነው።

ሁለተኛ ዜማው። በነዚህ አራት ኮርዶች የሚሰሩ ብዙ የፍቅር ዘፈኖች ዜማቸውን ብቻ ነጥለህ ስትለቅመው አምስት ኖታ ነው የምታገኘው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ይሄ ደግሞ ከኛ ቅኝቶች አንዱ የሆነው ትዝታ ሜጀር ነው፣ ክራር ላይ ቁጭ ብለህ ልትመታው ትችላለህ። ጊታሩ ግን ኤፍ ላይ ሲደርስ ፋን ያስገባል፣ ጂ ላይ ሲደርስ ከላ እና ከላይኛው ዶ መሃል ያለችውን ኖታ ያስገባል፣ ሁለቱም ትዝታ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ዘፋኙ ትዝታ ላይ ቆሞ ከስሩ ያለው ጊታር ወጣ ይልና ይመለሳል። የኛ ሰው ጆሮ ዘፈኑን ሳያውቀው የሚያውቀው የሚመስለው እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ነው፣ ያንተም ዘፈን እንደዛ ከሆነ ዜማውን በክራር ሞክረውና ታየዋለህ። የድምፁም ከፍታ ብዙ አይርቅም፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚዘፍን ሰው ሁሉ ይወጣዋል።

አሁን ወደሚያንሰው ነገር ልምጣ። አራቱ ኮርድ ይዞራል ይዞራል የትም አይደርስም። አንድ ደቂቃ ከሰማኸው በኋላ ቀሪው ሁለት ደቂቃ ምን እንደሚሆን ታውቀዋለህ፣ መጀመሪያ ሰሞን ይሄ እረፍት ይሰጣል ከዛ ግን ጆሮህ ቀድሞ ይደርስና የሚጠብቀው ነገር ያጣል፣ አሁን ያለኸው እዛ ላይ ነው። እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር በደንብ እንድትይዝልኝ እፈልጋለሁ፣ ቀስ ማለቱ አይደለም ጥፋቱ። ብዙ ሰው ሰርግ ላይ ቀስ ያለ ነገር አይሰራም ይላል፣ እኔ አልስማማም። ትዝታ ከዚህ በላይ ቀስ ይላል። ካሳ ተሰማን አስብ፣ አስናቀች ወርቁን አስብ፣ አንድ ክራርና አንድ ድምፅ ነው፣ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም፣ ሰው ግን ትንፋሹን ይዞ ነው የሚሰማው። ዙሩ እሱ ራሱ ቢሆንም ዘፋኙ በመጣ ቁጥር ድምፁን በሌላ ቦታ ይሰብረዋል፣ አንዷን ቃል ይጎትታል፣ ሌላዋን ይውጣታል፣ ግጥሙም ይቀየራል፣ አድማጭ አሁን ደግሞ ምን ሊል ነው ብሎ ይጠብቃል። የጊታሩ ፖፕ ይሄን ትቶታል፣ ንጹህና አጭር ሆኖ እንዲቀር ስለሚፈልግ ሁለተኛውን አዝማች ከመጀመሪያው አንድ ፀጉር ሳያዛንፍ ነው የሚደግመው።

መግቢያ ላይ ግን እኔን ካልከኝ አታድርገው። መግቢያ የከበሮና የእልልታ ነው፣ ሰው ቆሞ ነው፣ ሚዜው እየጨፈረ ነው፣ እናቶች እያለቀሱ ነው፣ የጎጃም ሰው ደግሞ ትከሻው የሚጠብቀው ነገር አለ፣ በደቂቃ 70 ምት የሚሄድ ጊታር ለትከሻ ምንም አይነግረውም። ገብተው ከተቀመጡ፣ ሰው ከበላ በኋላ፣ ከኬክ በፊት ይዝፈነው። ያኔ ሰው እሱን ለማየት ብሎ ዝም ይላል።

ዳንግላዊት፦

ጊታር ጣና ያልከውን ስለ ድምፁ ያለውን ወድጄዋለሁ፣ አንድ ፀጉር ሳያዛንፍ ይደግማል ብለህ እንደ ጉድለት ማየትህን ግን አልቀበልም። ባለቤቴ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። እኛ ሀገር ደግሞ ታውቃላችሁ ፍቅሩን የሚገልጽ ሰው ሲባል ግጥም የሚያወርድ፣ ወርቅ ያለው ነገር የሚናገር፣ ሰው መሃል ተነስቶ የሚያስጨበጭብ ነው፣ ያ ለማይሆንለት ሰው ምንም ቦታ የለውም። የኔው ሰውዬ ሳንጋባ በፊት የላከልኝ እንደዚህ አይነት ዘፈን ነው፣ ምንም አልጻፈበትም፣ ዘፈኑን ብቻ። ግጥሙ ተራ ነው፣ አዎ ተራ ነው፣ አንቺ ካለሽ ይበቃኛል ነው የሚለው። እኔ ግን ያን ቀን የሰማሁት ዘፋኙን አይደለም እሱን ነው። ግጥሙ ውስጥ የኔ ስም ወይ የሌላ ሰው ስም፣ የኛ ሰፈር ወይ የሌላ ሰው ሰፈር ቢኖርበት እኮ እሱ ሊገባበት አይችልም ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ ይዝፈነው። ራሱ ሊዘፍን ከተነሳ ያ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ መልስ ማታ ነበር ያደረጉት፣ ቤተሰብና ቅርብ ጓደኛ ብቻ ባለበት፣ ሁሉም ተቀምጦ፣ እና ከሰርጉ ሁሉ እናቴ እስከዛሬ የምታነሳው ያችን ማታ ነው። መልስን አስቡበት።

የማርቆስ_ሳውንድ፦

የሙዚቃውን ለባለሙያዎቹ ልተወውና ስለ እቃው ልናገር ምክንያቱም እንደዚህ አይነት ዘፈን የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በሳውንድ ነው። ደብረ ማርቆስ ነው የምሰራው፣ ዳስ ሰርግ ብዙ አይቻለሁ።

አኩስቲክ ጊታርን ዳስ ውስጥ ማይክ ፊት አስቀምጣችሁ እንዳትጀምሩ። የጊታሩ ሳጥን ባዶ ነው፣ ከስፒከር የሚመጣውን ድምፅ መልሶ ይቀበልና ኡኡ ማለት ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ከ100 እስከ 200 ኸርዝ ባለው ወፍራም ድምፅ ላይ ነው። ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበል መሳሪያ) ያለው ጊታር ፈልጉና በኬብል በዲአይ ቦክስ (ጊታሩን ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) በኩል ቀጥታ ሚክሰር ውስጥ አስገቡት፣ ያም ሆኖ ከጮኸ እዛችው ቦታ ላይ ኢኳላይዘሩን ቀንሱ። የጊታሩን ቀዳዳ የሚደፍን ጎማ አለ፣ ከተገኘ ጥሩ ነው። ስፒከሮቹ ከዘፋኙ ፊት ይሁኑ እንጂ ከጀርባው አይሁኑ፣ ማይኩ ወደ ስፒከሩ ማየት የለበትም።

ጄነሬተር የምትጠቀሙ ከሆነ ከዳሱ አርቁት፣ ለጭፈራ ዘፈን ማንም ልብ አይለውም ለዚህ ግን የሞተሩ ድምፅ ከዘፋኙ እኩል ነው የሚሰማው። ሌላው፣ ባዶ ዳስ ውስጥ ሞክራችሁ ጥሩ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ሰው ሲሞላ ቀጫጭኑን ድምፅ ልብስና ሰውነት ይውጠዋል ስለዚህ ያቺ የክር ሲጥታ፣ ያቺ ትንፋሽ ሁሉም ይጠፋል፣ የድምፁን ከፍ ያለውን ክፍል ትንሽ ጨምር በለው ሚክሰር ላይ ያለውን ልጅ። በኢርፎን የሰማኸውን ነገር ዳስ ውስጥ እንዳለ ማምጣት አይቻልም፣ ቃሉ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ማድረግ ግን ይቻላል፣ ለዚህ አይነት ዘፈን ደግሞ ከጊታሩ በላይ ቃሉ መሰማት አለበት።

የዲማው_ተማሪ፦

ቃሉ መሰማት አለበት ያልከው ትክክል ነው ወንድሜ፣ ግን እኮ ቃሉ ሲሰማ ምን ይላል ነው ጥያቄው። እህቴ ዳንግላዊት ያነሳሽው ነገር ነክቶኛል፣ መናገር የማይሆንለት ሰውም ፍቅር አለው፣ ይሄን አንድም ሰው ሊክድ አይችልም። ግን እኔ ልጅነቴን ቅኔ ቤት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ እና እዛ የተማርኩት ትልቁ ነገር ቅኔ አይደገምም የሚለው ነው። ትናንት የተቀኘኸውን ዛሬ ይዘህ ብትመጣ አይቆጠርልህም፣ ለዕለቱ፣ ለበዓሉ፣ ለቆመው ሰው አዲስ መሆን አለበት። ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች ስማቸው የተጠራው በዚህ ነው። አዝማሪውም ያው ነው፣ ማሲንቆው አንድ ክር ነው ያለው፣ ኮርድ የሚባል ነገር የለ፣ ግን ዳስ ሲገባ የሙሽራውን አባት ያያል፣ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል፣ እዛው ያስገባዋል፣ ሰውየው ስሙ ሲጠራ ይነሳል። ሰው የሚነሳው ስለራሱ ስለተባለ ነው።

የጊታሩ ዘፈን ለማንም እንዲሆን ተብሎ ቦታ የለውም፣ ቀን የለውም፣ የልጅቷ መልክ እንኳን የለውም። ለማንም ሲሆን ለመጀመሪያ ቀን ለሁሉም ይደርሳል፣ ከዛ በኋላ ግን የሚያስታውሱት ነገር አይተውም። ለምሳሌ እኔ አሁን ቁጭ ብዬ የጻፍኩት፦

ከቡሬ ማንኩሳ በእግሬ ስኳትን፣
ጫማዬን ጨረስኩት ሳልጠግብ አንቺን።

ምንም የረቀቀ ነገር የለውም፣ ሰምና ወርቅም አይደለም፣ ግን መንገዱን ታየዋለህ፣ ጫማው ይታይሃል። ዓለሜ ነሽ ከሚል ሰውዬ ይልቅ ይሄ ጫማ የጨረሰው ሰውዬ ነው የሚታመነኝ። የቻግኒዋ ልጅ እጅጋየሁ ሽባባውን ስሟት፣ ስለ ዓባይ ስትዘፍን፣ ስለ አድዋ ስትዘፍን የምትቆምበት መሬት አላት፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነው ግን ባዶ ቦታ ላይ አይደለም የሚንሳፈፈው። ለስላሳነትና ባዶነት አንድ አይደሉም፣ የዘመኑ ልጆች ሁለቱን አንድ ላይ እየሸጡልን ነው ያሉት ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ዳንግላዊት፦

መምህር ግጥምዎ ደስ ይላል እውነት። ግን ያ ጫማ የጨረሰው ሰውዬ ቡሬ ላይ ያለ ሰውዬ ነው፣ ዳንግላ ያለው ባለቤቴ ያን ሊልክልኝ አይችልም። ለመላክ ተራው ይሻላል፣ ለመዘፈን ግን የእርስዎ ይሻላል፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ። አማቻቸው ደግሞ ሊልክ አይደለም ሊዘፍን ነው የተነሳው።

የፍኖቱ_ታናሽ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ይመለስልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ትናንት ማታ ለአማቻችን የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩለት፣ መጀመሪያ ትንሽ ዝም አለ ከዛ ግን የዲማው ተማሪ ያሉት ነገር ላይ ሲደርስ ድጋሚ አንብብልኝ አለኝ። መግቢያው ለከበሮ ይሁን ብሎ ተስማምቷል። መልስ ማታ ብቻ የሚለውን ግን አልወደደውም፣ ዳስ ውስጥ የሷ ሰዎች ሁሉ ባሉበት ነው መዝፈን የምፈልገው ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ቶሎ እሺ አላሉትም ነበር እና ፊታቸው ቆሞ መዝፈኑ ለሱ ትልቅ ነገር ነው።

ታሪካቸው ደግሞ ይሄ ነው፦ እሱ ደንበጫ ነው የሚያስተምረው፣ እሷ እዚሁ ፋርማሲ ውስጥ ትሰራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጣ ነበር የሚያያት። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ደንበጫ መናኸሪያ መኪና ጠፍቶ ዝናቡ ላዩ ላይ ሲወርድ ቆየና ልብሱ እየተንጠባጠበ ፋርማሲው በር ላይ ደረሰ፣ ለደንበኛ መድኃኒት እየቆጠረች ነበር፣ ቀና ብላ አየችውና ቆጠራው ጠፋባት፣ እንደገና ከአንድ ጀመረች። እሷ ይሄን ስትናገር እስካሁን ትስቃለች። ይሄን ዘፈኑ ውስጥ ማስገባት ይቻላል? አዝማቹ የነበረው ይሁን፣ ሁለተኛው ስንኝ ብቻ የራሳቸው ቢሆን? እና ደግሞ ጊታር ጣና፣ መጨረሻ ላይ ወደ ጭፈራ መሻገር ይቻላል ወይስ ነገሩን ያበላሸዋል?

የዲማው_ተማሪ፦

ምን ትጠይቃለህ ልጄ፣ ቆጠራው የጠፋባትን ልጅ ይዘህ ዓለሜ ነሽ ልትል ነው እንዴ። እኔ እንዲህ አልኩት፣ እሱ ደግሞ እንደ አፉ ያስተካክለው፦

ደንበጫ መናኸሪያ ዶፉ ቢያበሰብሰኝ፣
ቅዳሜ ሳይሽ ነው ሳምንቱን የሞቀኝ።
መድኃኒት ስትቆጥሪ በር ላይ ብቅ ብዬ፣
ከአንድ ጀመርሽ አሉ እኔኑ አስተውለሽ ብዬ።

የመጨረሻዋ ስንኝ አልተቃናችልኝም፣ ብዬ በብዬ ቤት አይመታም፣ ነገ አስተካክዬ እልካለሁ። ያቺ ከአንድ መጀመር የምትለው ነገር ግን እንዳትወጣ፣ ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚይዛት እሷን ነው። አባትዬውም ጭምር።

ጊታር_ጣና፦

መሻገሩ አያበላሸውም፣ በደንብ ከተሰራ እንዲያውም ዘፈኑ ያጣውን መድረሻ ይሰጠዋል። የዘፈኑ ምት አራት አራት ነው፣ የኛ ጭክጭካ (የጭፈራው ምት) ደግሞ ስድስት ስምንተኛ ነው፣ ስለዚህ ዝም ብሎ ማፍጠን አይደለም። የመጨረሻውን አዝማች ሲዘፍን ጊታሩን ያቁመውና በድምፁ ብቻ ይጨርስ፣ የመጨረሻዋን ቃል ሲጎትት ከበሮ መቺው ከስሩ ጭክጭካውን ቀስ ብሎ ይጀምር፣ ከዛ እነዛው አራት ኮርዶች በአዲሱ ምት ይመለሱ፣ ዜማው ትዝታ ላይ ከተቀመጠ ማሲንቆ ያለው ሰው ቢኖር ሳይቸገር ይገባበታል። ማሲንቆው ሲገባ ጊታሩ ይውጣ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ኤፍ ላይ ሊጋጩ ይችላሉ።

ከዛ በፊት ያለውን ደግሞ አታርዝሙት። መጀመሪያው ስንኝ፣ አዝማች፣ የራሳቸው ስንኝ፣ አዝማች፣ በቃ። መሃል ላይ ያለውን የጊታር ሶሎ ይተወው፣ ኢርፎን ላይ ነው እሱ የሚያምረው፣ ዳስ ውስጥ ሰው ወሬ የሚጀምርበት ሰዓት ነው የሚሆነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ቅጂው ላይ ያለው ዘፋኝ በሹክሹክታ ስለሆነ የዘፈነው በዛው ከፍታ ቆሞ ሊዘፍነው ከሞከረ ድምፁ አይወጣለትም። ካፖውን (ክሮቹን የሚጫነውን መቆንጠጫ) የጊታሩ አንገት ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያድርግና የሚያውቀውን የሲ ሜጀር አያያዝ ሳይቀይር ይጫወተው፣ ዲ ላይ ይሆንለታል፣ ድምፁ ትንሽ ከፍ እንዲል ያስገድደዋል። ግቢ ውስጥ ወጥቶ አንተ አጥሩ ጋ ቆመህ ቃሉ እስኪገባህ ድረስ ይሞክረው፣ ከከበደው ካፖውን ወደ አንደኛው ይመልሰውና ንገረኝ።

የማርቆስ_ሳውንድ፦

ከበሮ ከገባ ለከበሮው ለብቻው ማይክ ያስፈልጋል፣ የጊታሩን ቻናል ደግሞ የሚዘጋ ሰው ሚክሰሩ ጋ ይቁም ምክንያቱም ጊታሩን አስቀምጦ መጨፈር ሲጀምር ክፍት ከተተወ እዛው ነው የሚጮኸው። ዲአይ ቦክስ ካጣችሁ እኔ ጋ አለ፣ በውስጥ ጻፍልኝ።

የዲማው_ተማሪ፦

አቃናኋት፦

መድኃኒት ስትቆጥሪ በር ላይ ቆሜ ባይሽ፣
ቁጥሩ ተምታታና ከአንድ ጀመርሽ።